የሰንጢው ሁለት ዙር

ቬንደሊን አዲሱን የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ በትከሻው ተሸክሞ የሴት ልጁን የስኪ ሱቅ በር በክርኑ ገፍቶ ገባ። ስኪው ገና ራቁቱን ነው፤ ጫማውን የሚቆነጥጠው ማሰሪያ አልተገጠመለትም፣ አንድም ቀዳዳ አልነካውም። የኦበርታን መንደር ሽማግሌዎች ማኅበር ለልደቱ ያበረከተለት ስጦታ ነው። ስኪውን በደስታ ተቀብሏል። ሪባኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «ሰባ» የሚል ቁጥር ግን እንደ ስድብ ስለቆጠረው፣ ሪባኑን ከቤት ሳይወጣ ምድጃ ውስጥ ከቶታል።

«በሩን ዝጋው አባዬ፣ ሙቀቱ ወጣ» አለች ኖትቡርጋ። ሞርሳ ላይ የታሰረ የደንበኛ ስኪ ጠርዙን በሞረድ እየሳለች ነበርና ቀና አላለችም።

«በምኔ ልዝጋው? በጥርሴ?»

«በእግርህ። ሁለት አለህ።»

በእግሩ ዘጋው። መንደሩ በሙሉ ቡርጊ እያለ የሚጠራት ይህች ልጁ፣ ክርክር ስትጀምር እንደ እናቷ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ቬንደሊን ይህን ስለሚያውቅ ገና ከበሩ ጀምሮ ለክርክር ተዘጋጅቷል።

እናትየው ሜና ቤት ናት፤ ለጎረቤት አደራ ሰጥቷት ነው የመጣው። ከስድስት ዓመት በፊት ስትሮክ ግራ ጎኗን ከመታት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚያነሳት እሱ ነው። ክንዶቹን በብብቶቿ ሥር ያሳልፋል፣ እሷ ደህነኛ እጇን አንገቱ ላይ ትጠመጥማለች፣ «አንድ፣ ሁለት» ይላል፣ ጉልበቱን አጥፎ ይዟት ይነሳል። ሦስት ብሎ አያውቅም። «ሦስትን ለዳንስ አስቀምጣት» ትለዋለች። በወጣትነታቸው በየሠርጉ የመጨረሻ ከወለሉ የሚወርዱት እነሱ ነበሩ። አሁን እሱ ማንሳት ያቃተው ቀን ሜና ሸለቆው ግርጌ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ትገባለች። ይህን አባትም እናትም ልጅም ያውቁታል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን የለም።

ኖትቡርጋ የደንበኛውን ስኪ ፈታችና የአባቷን በቦታው አሰረች። ስኪው መሐል ግድም ፋብሪካው ያሰመራት ቀጭን መስመር አለች። የጫማው ጎን ላይም መሐሉን የምታመለክት መስመር አለች። ሁለቱ መስመሮች ሲገጣጠሙ ሰውየው ስኪው ላይ በቦታው ቆሟል ማለት ነው። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። ቀላል ስለሆነም ለኦበርታን ወንዶች አይዋጥላቸውም።

«ማሰሪያው አንድ ጣት ወደ ኋላ ይሁን» አለ ቬንደሊን።

«ለምን ሲባል?»

«ቁልቁለቱን ስወርድ አፍንጫው እንዳይንቀጠቀጥብኝ። ስወዳደር እንደዚያ ነበር የማስገጥመው።»

«ያኔ ስኪው ከበር ይረዝም ነበር። ይሄ አጭር ነው፤ ወገቡም ቀጭን ነው። ወደ ኋላ ከቆምክበት እሺ ብሎ አይዞርልህም። በጉልበትህ ነው የምትጎትተው። እንደውም እኔ አንድ ጣት ወደ ፊት ብያለሁ።»

«ወደ ፊት? እንደ ጀማሪ?»

«ጉልበቱን እንደሚያመው ሰው።»

«ማነው ጉልበቱን የሚያመው?»

ኖትቡርጋ እጁን አየች። ቬንደሊን ቀኝ ጉልበቱን ሲያሽ ቆይቶ ነበርና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«እሺ፣ የሚንሸራተተውን ማሰሪያ ልግጠምልህ» አለች። «ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይሄዳል። በተጣላን ቁጥር እንገፋዋለን።»

«የኪራዩን? የቱሪስት ማሰሪያ አድርጌ ጌብሃርት ፊት ልቁም? ከዚያ በኋላ ቅበሩኝ በቃ።»

ጌብሃርት ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛው ነው። ከትምህርት ቤት ጀምሮም ሲፎካከሩ ኖረዋል። አንዱ የገዛውን ሌላው ሳይገዛ አያድርም።

መብሻው ትራፓኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሁለቱም አዩት። ብሎን ሲጠብቅም ሲላላም ችግር የለውም፣ ነገ ይስተካከላል። ቀዳዳ ግን አንዴ ከተበሳ ተበሳ። አንድ ጣት ቢሳሳቱ አጠገቡ ሌላ መብሳት አይቻልም፤ እንጨቱ ይደክምና ብሎኑን አይዝም። ስለዚህ ኖትቡርጋ አልቸኮለችም።

ቬንደሊን ነገሩን በሌላ በኩል ሊይዘው ፈለገና ወደ ግድግዳው ሄደ። እዚያ ማሰሪያዎቹ በየዓይነታቸው ተሰቅለዋል። ሰዎች የአያት የሚሉትን ግራጫውን አልፎ ቀዩን አወረደ። የተወዳዳሪዎች ማሰሪያ ነው፤ ሲይዙት ይከብዳል፣ ምላሱ እንደ ወጥመድ ነው። ጌብሃርት አምና ያስገጠመው ይህንኑ ነው።

«እሱ አይሆንም» አለች።

«አሁን ደግሞ ምን አደረገሽ?»

«ከስምንት በታች አይወርድም።»

«ታዲያ እኔ ከስምንት በታች ምን አለኝ? ሁልጊዜ ስምንት ላይ አይደል እንዴ የምታደርጊልኝ?»

ይህ ቁጥር ማሰሪያው ጫማውን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚናገር ነው። ሰው ሲወድቅ ማሰሪያው ጫማውን መልቀቅ አለበት፤ እሱ ካልለቀቀ ጉልበት ይለቃል። ቁጥሩ የሚወጣው ከክብደት፣ ከቁመት፣ ከጫማው ርዝመትና ከዕድሜ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ የኦበርታን ወንዶች ጠብም ከዚሁ ጋር ነው። ሱቅ ሲገቡ ክብደታቸው ላይ ይጨምራሉ፣ ዕድሜያቸው ላይ ይቀንሳሉ፣ ቁመታቸውንም ተረከዛቸውን አንስተው ነው የሚያስለኩት። ይህ ሁሉ ካላዋጣ ደግሞ ሰንጢ አለ። የበረዶው ወቅት ገብቶ በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ጋምስኮፍ ተራራ የሚወጣው ካቢን በተከፈተ ዕለት፣ በሩ ገና ከመዘጋቱ ወንዶቹ ስኪያቸውን ፊታቸው ገትረው ሰንጢ ያወጣሉ፤ ሱቅ የተስተካከለውን የማሰሪያ ብሎን ወደ ቀኝ አዙረው ያጠብቁታል። አባቶቻቸውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ስለዚህ ነገር አይወራም፤ እንደ ጸሎት ጎንበስ ብለው ጨርሰው ቀና ይላሉ። ቬንደሊን ድርሻው ሁለት ዙር ነው። ቁጥሩን አያነበውም፤ ለማንበብ መነጽር ይፈልጋል፣ መነጽር አድርጎ ደግሞ ጌብሃርት አጠገብ አይቆምም።

ኖትቡርጋ ቀዩን ማሰሪያ ከእጁ ወሰደች፤ ግን ወደ ግድግዳው አልመለሰችውም። ግራ የገባት ትመስል ነበር። ቬንደሊን ተሟግቶ የረታ መሰለው።

«ነገ ከሰዓት ና» አለች። «ያኔ እበሳዋለሁ።»

«ቀዩን ነው። አንድ ጣት ወደ ኋላ።»

«ነገ አልኩህ እኮ አባዬ።»

በማግሥቱ ካቢኑ የሚከፈትበት ቀን ነበር። ቬንደሊን ሜናን «አንድ፣ ሁለት» ብሎ አነሳት፣ አለበሳት፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጣት። ቡናዋን ከቁራሽ ጥቁር ዳቦ ጋር አቀረበላት። ጎረቤቷ ሹራብ ሥራዋን ይዛ መጣች። ቬንደሊን ኮቱን ደርቦ ሊወጣ ሲል ሜና ጠራችው።

«ሰንጢህን ረሳህ» አለች። ንግግሯ ቀስ ያለ ነው እንጂ ከዓመታት ወዲህ ጠርቶላታል። ሰንጢው ከዳቦው አጠገብ ነበር። በደህነኛ እጇ አንስታ ሰጠችውና ፈገግ አለች። አሳቢነቷ ደስ ብሎት ግንባሯን ሳማት።

አሮጌ ስኪውን ይዞ ካቢኑ ውስጥ ሲገባ ጌብሃርት ቀድሞት ነበር።

«ሰማሁ» አለ ጌብሃርት። «ቡርጊ ለአዲሱ ስኪ የአያት ማሰሪያ ልትገጥምልህ ነው አሉ።»

«ማን ነው ያለህ?»

«ሸለቆው ነዋ። ግድግዳውን ስትወርድ ከኋላህ ጋሪ እናስከትልልህ እንዴ?»

ግድግዳው የሚሉት ከጋምስኮፍ ጫፍ የሚጀምረውን ቁልቁለት ነው። በየዓመቱ የሰብአ ሰገል መታሰቢያ በሆነው በሦስቱ ነገሥታት በዓል ሽማግሌዎቹ በሙሉ ይወርዱታል፤ በዚያ ዓመት ሰባ የሞላው ደግሞ ሁሉንም ቀድሞ መውረድ ይጀምራል። ቬንደሊን አዲሱን ስኪ ለዚያ ቀን ነው የሚያዘጋጀው።

«አንተ ጋሪህን ለራስህ ያዝ» አለው። «ዛሬ ከሰዓት ቀዩን አስገጥማለሁ።»

በሩ ተዘጋ። ሰንጢዎቹ ወጡ። ቬንደሊንም ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ብሎኑን ዳሰሰ፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር አዞረና ወደ ሁለተኛው ስኪ አለፈ።

ከጫፉ በሰላም ወረዱ። የሆነው ሁሉ የሆነው መጨረሻ ላይ፣ በጫካው አቋርጦ ወደ መንደሩ በሚገባው ለጥ ያለ መንገድ ነው። ጌብሃርት ከፊት ሆኖ ምሳ ሾርባ ይሁን ድንች ይሁን እያወራ ነበር። የቬንደሊን ቀኝ ስኪ ከመንገዱ ጠርዝ ወጣና ለስላሳ በረዶ ውስጥ ገባ። እግሩ እዚያው ቀረ፤ ገላው ሄደ። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ወደቀ። እንዲህ ቀስ ያለ አወዳደቅ ነው ጉልበት የሚበላው፤ አርባ ዓመት ሙሉ በስኪ አስተማሪነቱ ለተማሪዎቹ ሲያስተምረው የኖረው ይህንን ነው። ጉልበቱ መጠምዘዝ ሲጀምር ተሰማው። በዚያች ቅጽበት በሐሳቡ የመጣው ግድግዳውም ጌብሃርትም አልነበረም። አልጋው ታየው። አንገቱ ላይ የምትጠመጠመዋ እጅ ታየችው።

ከዚያ ቀጭ አለና ማሰሪያው ጫማውን ለቀቀው።

በረዶው ላይ ተቀምጦ እግሩን አጠፈ፣ ዘረጋ። ደህና ነው። ፈርቶ ነበር፤ በጣም ፈርቶ ነበር።

ጌብሃርት ዞሮ መጣ። «ምን ሆንክ? እዚህ ቦታ የሚወድቁት ሕፃናት ናቸው።»

«ላርፍ ብዬ ነው።»

«ስኪህን አውልቀህ?» ጌብሃርት የተለቀቀውን ስኪ አነሳለት። «ደግሞ ስምንት ላይ ነው ትላለህ። በዚህ ፍጥነት ስምንት ይከፈታል እንዴ?»

ቬንደሊን ስኪውን ተቀበለ። ስምንት፣ በዚያ ላይ ሁለት ዙር። መከፈት አልነበረበትም። ስኪውን ተሸክሞ በእግሩ ወደ መንደሩ ገባና በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደ።

መንገድ ላይ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ቆሽቱ አርሮ ነበር። በሩን ከፍቶ ሲገባ ግን አንድ ነገር ገባው፤ ማሰሪያው ያለ ቦታው ተከፈተ ብሎ ለመክሰስ ማጥበቁን ማመን ሊኖርበት ነው። ስኪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ኖትቡርጋ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን በረዶ አየች። «ወደቅክ?»

«ተቀመጥኩ።»

«ጉልበትህስ?»

«አለ።»

ቬንደሊን ትንሽ ተንጎራደደ። «ይሄ ማሰሪያ አርጅቷል» አለ በመጨረሻ። «በማይለቅበት ለቀቀ።»

«በሚለቅበት ነው የለቀቀው።»

«ስምንት ላይ ሆኖ?»

«ስምንት ላይ ሆኖ አያውቅም።»

ቬንደሊን እጁን ዘርግቶ የልጁን መነጽር ከአፍንጫዋ ላይ አነሳና አደረገው። ጎንበስ ብሎ አነበበ። ቀና አለ፤ ደግሞ ጎንበስ ብሎ አነበበ።

«ስድስት ይላል» አለ።

«አዎ። ልክህ ስድስት ነው። ባለፈው ሳምንት ከዚህ ሲወጣ አምስት እንኳ አይሞላም ነበር። የቀረውን ሰንጢህ ነው የሞላው። መቼም አንተ ሰው አትለወጥም፤ ሁልጊዜ ሁለት ዙር።»

«ማን ነገረሽ?»

«እማዬ።»

ቬንደሊን አጠገቡ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«ከሆስፒታል የወጣች ሰሞን ነው» አለች ኖትቡርጋ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ገና አፏ ሳይፈታ። ስኪህን ልወስድ ስመጣ ኮቴን ይዛ አስቀረችኝ። ሰንጢህ ወዳለበት ኮትህ ጠቆመችና እጇን እንዲህ ወደ ቀኝ አዞረች፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመችና ወደ ግራ አዞረች፣ ሁለት ጊዜ። እስኪገባኝ ድረስ ስትደጋግመው እንባዋ መጣ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እኔ ወደ ግራ፣ አንተ ወደ ቀኝ።»

መጀመሪያ ተናደደ። ስድስት ዓመት ስለ ስምንቱ ሲያወራ፣ ጌብሃርትን ሲያበሽቅ፣ እነሱ ቤት ውስጥ ምን ይባባሉ ነበር? ቀጥሎ አፈረ፤ ስድስት ዓመት በስድስት ሲንሸራተት ልዩነቱን አለማወቁ አሳፈረው። ከዚያ ግን ያቺ መናገር የተሳናት ሴት በአንድ እጇ ብሎን ስታዞር ታየችው። ጠዋት ሰንጢውን በገዛ እጇ ያቀበለችውም ትዝ አለው።

«አታለላችሁኝ» አለ። ቁጣው ግን ከድምፁ ጠፍቶ ነበር።

«አዎ፣ አታለልንህ። ቀዩ ግን አያታልልም። ከስምንት በታች አይወርድም፤ እኔ ወደ ግራ የማዞርበት ቦታ የለውም። ትናንት ሳልበሳ ያሳደርኩት ለዚህ ነው። ቀዩን ከፈለግክ እገጥማለሁ፣ ስኪው ያንተ ነው፣ እግሩም ያንተ ነው። እማዬን ግን አንተው ንገራት።» ትራፓኖውን አነሳች። «የቱን ልግጠም?»

ቬንደሊን ከበርጩማው ተነሳ። ቀዩን ማሰሪያ ከጠረጴዛው አንስቶ በእጁ መዘነው። ያምራል፤ ማማሩ አይካድም። ወስዶ ግድግዳው ላይ መልሶ ሰቀለው።

«ግራጫውን አምጪው» አለ።

«ስንት ላይ ላድርገው?»

«ስድስት።»

ኖትቡርጋ ካቻቪቴውን ይዛ አየችው። «በሰንጢ ነው ያለ ሰንጢ?»

ቬንደሊን መነጽሯን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና መለሰላት። «ያለ ሰንጢ» አለ። «ቦታውም እንዳልሽው ይሁን። አንድ ጣት ወደ ፊት።»

«ኧረ መስመሩ ላይ ይበቃሃል» አለች ጫማውን እያስተካከለች። «ወደ ፊት ያልኩት አንተ ወደ ኋላ እንደምትል ስለማውቅ ነው። ተጨቃጭቀን መስመሩ ላይ እንድንገናኝ።»

«አንቺ ልጅ አስመሳይ ነሽ።»

«ሞያ ነው አባዬ። ስኪውን ያዝልኝ።»

በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘላት። ትራፓኖው ጮኸ፣ የእንጨት ፍርፋሪ በረረ፣ ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ገጠሙ።

በሦስቱ ነገሥታት በዓል ካቢኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ጌብሃርት ግራጫውን ማሰሪያ ለማየት ብዙም አልቆየም።

«አላልኩም?» አለ ለሁሉም እንዲሰማ። «የአያት ማሰሪያ።»

«የባል ነው» አለ ቬንደሊን።

«እሺ፣ የባል። የባልም ቢሆን ብሎኑ ይጠብቃል። ሰንጢህ የት አለ?»

ቬንደሊን ሰንጢውን አወጣና ከፈተው። ከሌላኛው ኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ፣ በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ አወጣ። ከጫፉ ቆረጠና በስለቱ ላይ ለጌብሃርት ዘረጋለት። ጌብሃርት ሥጋውን አየ፣ ማሰሪያውን አየ። ከዚያ ሥጋውን ወሰደ፤ አፉ ሞልቶ ስለነበር እስከ ጫፍ ድረስ ሌላ ነገር አልተናገረም።

በመንደሩ ልማድ መሠረት ግድግዳውን ቀድሞ መውረድ የጀመረው ሰባ የሞላው ቬንደሊን ነው። ግማሹ ላይ ሳይደርስ ጌብሃርት እያፏጨ አለፈው፤ ከዚያ ሌሎቹም አለፉት። ስኪው ግን ገና ወደ አንድ ጎን ለመዞር ሲያስብ እሺ ብሎ ይዞርለት ነበር፤ ጉልበቱም አልጮኸበትም። ለብቻው፣ ቀስ እያለ፣ እየዞረ እየዞረ ወረደ። ብዙ ዓመት እንዲህ ደስ ብሎት ወርዶ አያውቅም።

ቤት ሲደርስ ሜና መስኮቱ አጠገብ ናት። ጎረቤቷ ሹራቧን ጠቅልላ ወጣች።

«ስንተኛ ገባህ?» አለች ሜና።

«መጨረሻ።»

«ሰንጢውስ?»

አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። ሜና ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። የጭስና የሥጋ ሽታ ነበረው። ባሏን ቀና ብላ አየችው፤ ሁሉንም እንዳወቀ ገባት። በአንድ ጎን ፊቷ ሳቀች፤ ዓይኖቿ ግን ሁለቱም ረጠቡ።

«ቡርጊ ነገረችህ» አለች።

«ነገረችኝ።»

«ተቀየምከኝ?»

«ሲበርድልኝ እነግርሻለሁ» አለና ከወንበሩ ሊያነሳት ጎንበስ አለ። ክንዶቹን በብብቶቿ ሥር አሳለፈ። ደህነኛ እጇ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። «አንድ፣ ሁለት።»

ተነሳች። ሁልጊዜ ከዚህ በኋላ ወደ አልጋው አዙሮ ያስቀምጣታል። ዛሬ አላዞራትም። ደረቱ ላይ ደግፏት ቆመ።

«ምን እየጠበቅክ ነው?» አለችው።

«ሦስት» አለ ቬንደሊን፤ አንድ እግሩን ወደ ጎን አነሳ፣ እሷን ተሸክሞ ሌላኛውን አስከተለ። ጉልበቱን ትንሽ ቆረጠመው፤ ግን ያዘ።